ሸክላዎ ዝግ ብሎ እየዞረ ነው፦ «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ»ን በትክክል ስለማዳመጥ

ጥያቄ፦ «አጎቴ ከአሜሪካ ጠቅልሎ ሲገባ የሸክላ ማጫወቻውንና የድሮ ሸክላዎቹን ሰጠኝ። ከሁሉ አብልጦ የሚያወድሰው የእንግሊዙን የሮክ ቡድን የየስን «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» ነው። ማጫወቻው ባለ 120 ቮልት ስለሆነ በትራንስፎርመር ነው የምጠቀመው። አልበሙ ግን አልገባኝም። ሲጀምር አንድ ደቂቃ ያህል ወፍና ውሃ ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ ሁሉም የየራሱን ይጫወታል። ድምፃዊው በቀጭን ድምፁ የታወቀ ነው ይባላል፤ እኔ የምሰማው ግን እንደማንኛውም ወንድ ነው። የመጀመሪያው ዘፈን 18 ደቂቃ ተኩል ገደማ እንደሆነ አንብቤአለሁ፤ እኔ ጋ ከ22 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ድምፁ ይሻክራል። ግጥሙም ምን እንደሚል አይታወቅም። ሙዚቀኞቹ ችሎታቸውን ለማሳየት በዘፈቀደ የተጫወቱት አይደለም ወይ? አዲስ ቅጂ ብገዛስ ይለወጣል?»

ምላሽ፦ እርስዎ ይህን አልበም እስካሁን አልሰሙትም። ስለዚህ ወደዱት አልወደዱት የሚለውን ለጊዜው እንተወውና መጀመሪያ ማጫወቻውን እናስተካክል። በጥያቄዎ ውስጥ እንደዋዛ ያነሷቸው ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የድምፃዊው መወፈርና የ22 ደቂቃው ርዝመት፣ ምንጫቸው አንድ ነው። ዘፈኑ 18 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ ነው። ይህን በ60 አባዝተው ለ50 ቢያካፍሉት 22 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይመጣል፤ እርስዎ ከለኩት ጋር የሚገጥም ቁጥር ነው። 60 እና 50 ደግሞ የአሜሪካና የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል በሰከንድ የሚመላለስባቸው ቁጥሮች ናቸው።

ብዙ ሰው ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ችግሩ ቮልቴጅ ብቻ ይመስለዋል። ትራንስፎርመር 220ውን ወደ 120 ያወርዳል፤ ዕቃው እንዳይቃጠልም ያደርጋል። ድግግሞሹን፣ ማለትም ኃይሉ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር፣ ግን አይነካውም፤ 50 ሄርትዝ ገብቶ 50 ሄርትዝ ይወጣል። የድሮ ሸክላ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ የሚዞሩት ፍጥነቱን በቀጥታ ከዚህ ድግግሞሽ በሚወስድ ሞተር ነው። በ60 ሄርትዝ በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር እንዲዞር የተሠራ ማጫወቻ በ50 ሄርትዝ ወደ 28 ገደማ ይወርዳል። ዘፈኑ በዚያው መጠን ይረዝማል፤ ዜማውም ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል። ሦስት ግማሽ ድምፅ ቀላል አይደለም። የድምፃዊውን የጆን አንደርሰንን ከደመና በላይ የሚንሳፈፍ ድምፅ አውርዶ ተራ የወንድ ድምፅ ያደርገዋል፤ የቢል ብሩፎርድን ጥርት ያለ ከበሮም ያደነዝዘዋል። ፍጥነት በጉልበቱ ልክ በሆነ ሙዚቃ ላይ ይህ ሲደርስ ምንም ጆሮ ቢኖርዎ ሊወዱት አይችሉም።

ማረጋገጥ ይችላሉ። ሸክላው ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ይለጥፉና መርፌውን ሳያሳርፉ ለሦስት ደቂቃ ዙሩን ይቁጠሩ። ጤነኛ ማጫወቻ 100 ጊዜ ይዞራል። 83 ወይም 84 ላይ ከቆመ ግምቴ ትክክል ነው። ዙሩ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት የሚል ከሆነ ግን ሌላ ችግር አለ፤ ብዙ ጊዜ የላላ ወይም የደረቀ ቀበቶ ነው፤ እሱን መቀየር ርካሽ ነው።

መፍትሔው እንደ ማጫወቻው ዓይነት ይለያያል። በቀበቶ የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ጫፍ ላይ ቀበቶው የሚጠመጠምባት ትንሽ መዘውር አለች። አንዳንድ አምራቾች ለ50 ሄርትዝ አገር የሚሆን ሰፋ ያለ መዘውር ለብቻው ይሸጡ ነበር፤ ከተገኘ ከሁሉም የተሻለው መንገድ እሱ ነው። ካልተገኘ ድግግሞሹን ጭምር የሚቀይር መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ግን አንዳንዴ ከማጫወቻው ይበልጣል። ሦስተኛው አማራጭ በቀጥታ ጅረት (ዲሲ) ሞተር የሚሠራ ሌላ ማጫወቻ መፈለግ ነው፤ እንዲህ ያለው ለድግግሞሽ ደንታ የለውም። መዘውሩ ላይ ፕላስተር ጠምጥመው ለማስፋት የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። አይሞክሩት። ፕላስተሩ እኩል ስለማይጠመጠም ድምፁ ይንቀጠቀጣል፤ ሙጫው ደግሞ ቀበቶውን ያበላሻል። ትራንስፎርመሩን ነቅለው በቀጥታ 220 ላይ መሰካትም ሞተሩን ያቃጥላል እንጂ አያፈጥነውም።

መጨረሻው ላይ የሚሰሙት መሻከር ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው፤ ፍጥነቱ ቢስተካከልም አይጠፋም። ሸክላ ከዳር እስከ መሃል የሚዞረው በአንድ ፍጥነት ነው፤ የዙሩ ስፋት ግን እየጠበበ ይሄዳል። ዳር ላይ በመርፌው ሥር በሰከንድ 50 ሴንቲሜትር ያህል መስመር ያልፋል፤ መለያ ወረቀቱ አጠገብ ሲደርስ ወደ 20 ይወርዳል። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ተጨቁኖ ይጻፋል ማለት ነው፤ ያረጀ ወይም ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መርፌም ደቃቁን ቅርጽ ሊከተለው አይችልም። አብዛኛው ሸክላ ለዚህ ሲባል ለስለስ ያለውን ዘፈን መጨረሻ ላይ ያደርጋል። ይህ አልበም ግን የመጀመሪያ ገጹ አንድ ዘፈን ብቻ ስለሆነ ታላቁ መደምደሚያ የሚደርሰው መስመሩ እጅግ በጠበበበት ቦታ ነው። ሌሎች ሸክላዎችም መሃላቸው አካባቢ ከሻከሩ መርፌውን ይቀይሩ፤ ጫፉ ሞላላ የሆነውን ይምረጡ፤ መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ክብደትም ካርትሪጁን (መርፌውን የሚይዘውን ክፍል) የሠራው ድርጅት ባዘዘው ልክ ያስተካክሉ። የሚሻክረው ይኸኛው ብቻ ከሆነ ግን መስመሩ በአጎትዎ ፍቅር ብዛት ተበልቷል፤ የተበላ መስመር ደግሞ በማጠብም በምንም አይመለስም።

አሁን ወደ ሙዚቃው። «በዘፈቀደ የተጫወቱት» የሚለው ግምት ከእውነቱ ተቃራኒ ነው። የስ ይህን አልበም የሠራው በ1972 በለንደን አድቪዥን ስቱዲዮ፣ ከድምፅ መሐንዲሱና ከተባባሪ አዘጋጁ ከኤዲ ኦፎርድ ጋር ነው። ዘፈኑ አንድ ጊዜ እንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጫውተውት የተቀዳ አይደለም። ቁራጭ በቁራጭ እየተለማመዱ፣ እየተከራከሩ፣ እየቀዱ፣ ኦፎርድ ቴፑን በምላጭ እየቆረጠ አንዱን ከሌላው ይቀጥለው ነበር። አንድ ሽግግር ካልተስማማቸው እንደገና ይቀዳል፤ እንደገና ይቆረጣል። ይህ ሥራ ቢል ብሩፎርድን አድክሞታል። ጃዝ የሚወድ፣ በቅጽበት የሚፈጠር ነገር የሚያስደስተው ከበሮ መቺ ነበር፤ ቀረጻው እንዳለቀ ቡድኑን ትቶ ሌላውን የእንግሊዝ ሮክ ቡድን ኪንግ ክሪምሰንን ተቀላቀለ። ዝናቸው በፈነዳበት ሰዓት መሄዱ ብቻውን ይህ ሙዚቃ ምን ያህል የተለፋበት እንደሆነ ይመሰክራል። ቦታውን የተካው አላን ዋይት ይህን ሁሉ አጥንቶ መድረክ ለመውጣት የተሰጡት ጥቂት ቀናት ብቻ ነበሩ።

የወፍና የውሃው ድምፅም ስህተት ወይም ጌጥ አይደለም። ከምንም ተነሥቶ ቀስ በቀስ እየጎላ ይመጣና ሳያስጠነቅቅ ሙሉ ቡድኑ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። «ሁሉም የየራሱን ይጫወታል» ያሉት እዚህ ላይ ነው፤ ጆሮዎ አልዋሸዎትም፤ እንዲህ እንዲሰማ ነው የታሰበው። የሚረዳዎትን አንድ ነገር ልንገርዎ፦ ጊታሩን አይከተሉ፤ ባሱን ይከተሉ። የክሪስ ስኳየር ሪከንባከር ባስ እንደ ሌሎች ባሶች ከሥር የሚያጉተመትም አይደለም፤ በፒክ (በጣት በሚያዝ ትንሽ የክር መምቻ) እየተመታ ጥርት ብሎ እንደ ብረት ይጮኻል። በዚህ መክፈቻ ላይ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ይመላለሳል፤ የስቲቭ ሃው ጊታር ከላዩ ይራወጣል። አንዴ ባሱን ከያዙ ትርምሱ ሥርዓት እንዳለው ይገለጥልዎታል። መሃል ላይ ሁሉም ድንገት ቀጥ ብሎ ቃል የሌለው የሰው ድምፅ ብቻ አየሩን ይሞላዋል፤ ወዲያው ሩጫው ይቀጥላል። ያን ማቆም እንዲህ እንደ ቢላ የተሳለ የሚያደርገው ከፊቱ የነበረው ጫጫታ ነው።

ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ጊታሩ ረጋ ያለ ዜማ ያመጣል። እሱን ያዙልኝ፤ በኋላ ይፈልጉታል። ከዚያ አንደርሰን መዝፈን ይጀምራል። ዘፈኑ የየራሳቸው ስም ያላቸው አራት ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዚሁ ግለት ይሄዳሉ። ስምንት ደቂቃ ተኩል አካባቢ ሁሉም ነገር ይረግባል፤ ከበሮው ይጠፋል፤ ጠብታ የሚመስል ድምፅና ጭጋግ የመሰለ ሜሎትሮን ብቻ ይቀራል። ሜሎትሮን የሚገርም መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር በእውነተኛ ቫዮሊኖች ወይም በመዘምራን ድምፅ የተቀዳ የቴፕ ቁራጭ አለ፤ ቁልፉን ሲጫኑ ቴፑ ይሳባል፤ ስምንት ሰከንድ ገደማ ሲሞላው ያልቃል፤ መልቀቅ ግድ ነው። ያ የሚያቃስት፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ የክር ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በዚህ ክፍል ስኳየርና ሃው በድምፃቸው አንድ ዜማ ይይዛሉ፤ አንደርሰን ከላይ ሌላ ግጥም በሌላ ዜማ ያወርዳል። ሁለቱ ሳይጋጩ ይተላለፋሉ። ስኳየር በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን መዘምር ነበር፤ ድምፅ በድምፅ ላይ የመደራረብ ጥበቡ ከዚያ የመጣ መሆኑ ያስታውቃል። 12ኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ የሪክ ዌክማን ኦርጋን ይገባል፤ የስቱዲዮ ኦርጋን አይደለም፤ ለንደን ባርቢካን በሚገኘው በቅዱስ ጊልስ ክሪፕልጌት ቤተ ክርስቲያን የተቀዳ እውነተኛ ባለ ቧንቧ ኦርጋን ነው። በዝግታ የሚዞር ማጫወቻ ከሁሉ በላይ የሚበድለው ይህን ቦታ ነው፤ ግርማው ወደ ድብታ ይለወጣል። በትክክለኛው ፍጥነት ሲሰሙት ግን ያ ኦርጋን ደረትዎን ይዞ ያነሣዎታል። እኔ በሮክ ሙዚቃ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ልብ የሚሞላ ሁለት ደቂቃ አላውቅም፤ ይህንንም በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

ከዚያ በኋላ ነው ርዝመቱ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባዎት። ኦርጋኑ እንዳበቃ የመክፈቻው ሩጫ ይመለሳል፤ አሁን ዌክማን ሐሞንድ በሚባለው የኤሌክትሪክ ኦርጋን ይጋልብበታል። ቀጥሎ የመጀመሪያው ክፍል ዜማ ተመልሶ ይዘፈናል። መጨረሻ ላይ በጭጋጉ ውስጥ በሹክሹክታ የሰሙት ያ ለስላሳ መዝሙር በሙሉ ቡድን፣ በከበሮና በባስ ተደግፎ፣ ከጣሪያ በላይ ይነሣል። ቃሉም ዜማውም ያው ነው፤ ትርጉሙ ግን ተለውጧል፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ተጉዘዋል። ይህ በሦስት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ ሊሆን አይችልም። መመለስ እንዲሰማ መጀመሪያ በቂ ርቀት መሄድ ያስፈልጋል። ስለዚህ 18ቱ ደቂቃዎች የተንዛዙ አይደሉም፤ የአንድ ሸክላ ገጽ ያለ ችግር ከሚይዘው 20 ደቂቃ ገደማ ጋር ተለክተው የተሠሩ ናቸው።

«ችሎታ ለማሳየት» ያሉትን በከፊል እቀበላለሁ። ከአምስቱ ሙዚቀኞች ዓይን አፋር የለም፤ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለው ይህ የሙዚቃ ዓይነት በጠቅላላው የጠነነ ነው እየተባለ ከ1976 ወዲህ በፓንክ ትውልድ ክፉኛ ተወቅሷል፤ አንዳንዱ ወቀሳም ተገቢ ነበር። ይህ አልበም ግን ያ ወቀሳ አይነካውም፤ አንድም ሰው ለረጅም ጊዜ ብቻውን ሲንጎራደድ አይሰሙም። ቴክኒኩ ሁሉ ለዘፈኑ የሚያገለግል ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለውን «ኤንድ ዩ ኤንድ አይ» ይስሙት፦ በባለ 12 ክር ጊታር ጫፍ ነካ ነካ ይጀምራል፤ ማንም ሊያንጎራጉረው የሚችል ዜማ ነው፤ ከዚያ በሜሎትሮንና በስቲል ጊታር እንደ ተራራ ይነሣል። «ሳይቤሪያን ካትሩ» ደግሞ በሰውነት የሚደመጥ ነው። ዋነኛው ሐረጉ ስምንት ምት ይሄድና ሲደግም ሰባት ላይ ይመለሳል፤ እግርዎ ሁልጊዜ አንድ ምት ይጎድለዋል። በችክችካ ያደገ ጆሮ ሦስትና ሁለትን ባንድ ጊዜ መቁጠር ስለለመደ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ካጨበጨቡ በኋላ ይህም እንደማይከብድዎት እገምታለሁ።

ግጥሙን በተመለከተ፣ በመዝገበ ቃላት አይፈልጉት። አንደርሰን ቃላትን የሚመርጠው ከትርጉማቸው ይልቅ በአፍ ውስጥ በሚፈጥሩት ድምፅና በሚያሳድሩት ስሜት ነው፤ በመስመር ደረጃ ትርጉም የሚፈልግ ሰው መድከሙ አይቀርም። በጠቅላላው ግን መነሻ አለው፦ በ1922 የታተመው የሄርማን ሄሰ «ሲድሃርታ» ነው። በዚያ ልብ ወለድ ሲድሃርታ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ ከአንድ ጀልባ ቀዛፊ ጋር ወንዝ ዳር ይኖርና ወንዙን ማዳመጥ ይማራል። የአልበሙ መጠሪያ («ለዳርቻው ቅርብ» ማለት ነው) ያንኑ ዳርቻ ይጠቁማል፤ ዘፈኑም በውሃ ተከፍቶ በውሃ የሚዘጋው ለዚህ ነው። የሮጀር ዲን የሽፋን ሥዕልም እንዲሁ ከፊት በኩል ከአረንጓዴ ቀለምና ከቡድኑና ከአልበሙ ስም በስተቀር ምንም የለውም፤ ገልጠው ሲያዩት ግን ከዳር እስከ ዳር ውሃ የሚፈስበት ምድር ይገኛል። አጎትዎ የሰጡዎት ቅጂ ተገላጭ ሽፋን ካለው ሳይከፍቱት አይቅሩ።

አዲስ ቅጂ መግዛትን በሚመለከት፣ ማጫወቻው ሳይስተካከል አንድም ሸክላ አይግዙ፤ አዲሱም ያው በዝግታ ይዞራል። በዲጂታል የሚገኙት ቅጂዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ በ1972 ኦፎርድ ያዘጋጀው ቅልቅል (ለየብቻ የተቀዱት ድምፆች የተዋሃዱበት) በተለያየ ጊዜ በድጋሚ ተጠርጎ የወጣው ነው። ሌላው ሙዚቀኛው ስቲቨን ዊልሰን ከመነሻዎቹ ባለ ብዙ መስመር ቴፖች ተነሥቶ እንደ አዲስ ያቀላቀለው፣ በ2013 የወጣው ነው። የዊልሰኑ እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻ ቁልጭ ብሎ ይሰማል፤ ባሱን ለማጥናት ከሱ የሚሻል የለም፤ ሥራውን በአክብሮት ነው የሠራው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ቅልቅል መሣሪያዎቹ እርስ በርስ የሚዋሃዱበት ሙቀት አለው፤ ያ ጭጋግ ጉድለት ሳይሆን የሙዚቃው አካል ነው። የመጀመሪያውን ሳይለምዱ ወደ ሁለተኛው መሄድ አልመክርም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ዛሬ ማታ የመጀመሪያውን ቅልቅል በዲጂታል ያግኙና በኮምፒውተር ወይም በስልክ፣ ባለ ሽቦ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው፣ የመጀመሪያውን ዘፈን ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይስሙ። በስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያ አይሞክሩት፤ ባሱ ጨርሶ አይወጣም፤ ባስ የሌለው የስ ደግሞ የስ አይደለም። መግቢያው ጸጥ ያለ ስለሆነ ድምፁን አብዝተው ከፍ አያድርጉ፤ ከደቂቃ በኋላ ጆሮዎን ይጎዳዎታል። ለሦስት ቀን ያህል ያንኑ ይድገሙ፤ ግጥሙን አይመልከቱ። በአራተኛው ቀን ሁለተኛውን ገጽ ይጨምሩ። እስከዚያው የሦስት ደቂቃውን ቆጠራ አካሂደው ውጤቱንና ከማጫወቻው ጀርባ የተጻፈውን የሞዴል ስም ይዘው የድሮ ሬዲዮና ቴፕ ወደሚጠግን ባለሙያ ይሂዱ። «ቮልቴጁን ሳይሆን ሄርትዙን ነው የምጠይቅዎት» ብለው ከመጀመሪያው ይንገሩት፤ ካልነገሩት ሌላ ትራንስፎርመር ሊያስገዛዎት ይችላል።